በ«ሜ» እና በ«ኤ» መካከል

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለበት ቤት ማታ ማታ «ሜቴን፣ ኤቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴን» የሚል ድምፅ አይጠፋበትም። ልጁ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስም አወጣጥ እያጠና ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ከፈተናው በኋላ ግን ይረሱታል። ወላጅም «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብሎ ያልፈዋል።

ይሠራል። ለማስጠናትም ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም። የስሙ መነሻ ቁጥር ነው፤ ስንት የካርቦን አተሞች እንደተያያዙ ይናገራል። «ሜት» አንድ፣ «ኤት» ሁለት፣ «ፕሮፕ» ሦስት፣ «ቡት» አራት ነው። የስሙ መጨረሻ ዓይነቱን ይገልጻል። «ኦል» ካለው አልኮል ነው፤ «ኦይክ አሲድ» ካለው አሲድ ነው። ደንቡን ዓለም አቀፍ ለማድረግ ኬሚስቶች ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነገሩ ከተገኘበት ነበር። «ቡት» ራሱ ከቅቤ የላቲን ስም የመጣ ነው፤ የሻገተ ቅቤን የሚያሸተው አሲድ አራት ካርቦን አለው። ማድ ቤት ያለው ቡታ ጋዝም በዚያው ስም ይጠራል።

አሁን ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን እንጻፍ፦ ሜታኖል፣ ኤታኖል። በፊደላችን ልዩነታቸው አንድ ፊደል ነው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ በሽታም ለመለየት ያስቸግራሉ። ኤታኖል በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ነው፤ ጉበት ባለ ሁለት ካርቦኑን ኤታኖይክ አሲድ ያደርገዋል፤ እሱም አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። (ብዙ መጠጣት የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ጊዜ የምናወራው ነው።) ሜታኖል ግን በዚያው መንገድ ባለ አንድ ካርቦኑን ሜታኖይክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በአንዳንድ ጉንዳኖች መርዝ ውስጥ ያለው ነው። ሰውነት ቶሎ አያስወግደውም፤ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ይገድላልም። ልጁ ደንቡን ከያዘ ይህን ከስሙ ብቻ ሊከተለው ይችላል።

በ2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ኤታኖል» ተብሎ ተጽፎባቸው ሲመረመሩ ሜታኖል የተገኘባቸው ሳኒታይዘሮች እንዳሉ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጽሑፍ ማንበብ ሁሉን አያድንም። ጽሑፍ የሌለው ዕቃ ግን ይብሳል። ቀለም ማቅጠኛም ሆነ አልኮል በሃይላንድ ገልብጦ ማስቀመጥ መቅረት አለበት፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሣዋል።

ሜታኖል የጠጣ ሰው መጀመሪያ የሰከረ ብቻ ይመስላል። ተሽሎት ሊውልም ይችላል። የዓይን መደብዘዝ፣ ማስታወክና የሆድ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው ነው። ተሻለው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪሙ ስሙን እንዲያነብ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።