«ይቅርባችሁ» ማለት የሚችል ደላላ

ይህን የምጽፈው በተለይ ላስተማርኳችሁና ዛሬ በቤት ሽያጭና በብድር ማገናኘት ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች ነው። ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ተቀየሙ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ የባንክ ብድር አመቻችተናል፣ ዕድሉ እንዳያመልጥዎት!» ሥራ መያዙ ደስ አለኝ። ወለዱ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። «እሱን ባንኩ ይነግርዎታል።» በወር ስንት እከፍላለሁ? «አይከብድም ቲቸር።»

ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔም ነው። እንግዲህ ዛሬ ላስተምር። 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 16 ከመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር እንውሰድ። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 13 ሺህ 900 ብር ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 13 ሺህ 333 ብር ነው። ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 600 ብር እንኳ አይሞላም! ከፍለህ ስትጨርስ ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ከፍለሃል። መሃል ላይ ቢያቅትህስ? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይሄ ነው «አይከብድም» የሚባለው?

ብድር ክፉ ነው አላልኩም። የሚችለው ሰው አለ፣ የሚሰብረው ሰው አለ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ገጥሞኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አከራያችን ኪራይ ሲጨምርብን እኔና ባለቤቴ ኮንዶሚኒየም በብድር ልንገዛ ተነሳን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? የሁለታችን ደሞዝ ስላልበቃ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ልታግዘን ቃል ገባች። ቤቱን ያገኙልን የሰፈራችን ደላላ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ለባንክ የሚያስፈልገውንም ወረቀት አንድ በአንድ ያውቁታል። ልንፈራረም ሁለት ቀን ሲቀረን ሻይ ጋበዙኝና መጠየቅ ጀመሩ።

«መምህር፣ እናትህን ማነው የሚጦረው?»

«እህቴ ናት።»

«ባለቤትህ ወልዳ ሥራ ብታቆምስ?»

ዝም አልኩ።

«እህትህ መቼ ነው ጠቅልላ የምትመጣው?»

«በሚቀጥለው ዓመት...» ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

«ብድሩ እኮ የ20 ዓመት ነው ልጄ። እሷን ጠይቀሃታል? ካልጠየቅካት ይቅርባችሁ።»

አልጠየቅኳትም ነበር። ማታ ደወልኩላት። «እምቢ ማለት አፍሬ ነው» ብላ አለቀሰች። ቤቱን ተውነው። ሰውየው ከእኔም ከሻጩም 2 በመቶ ቀረባቸው፤ ሻጩ ደግሞ በአደባባይ ሰደባቸው። በኋላ የምንችለውን የኪራይ ቤት ፈልገው አገኙልን፣ የድካማቸውንም ተቀበሉ። ሐላል ነው!

አልደብቃችሁም፣ ዛሬም ተከራይ ነኝ። ያ ቤት ዋጋው እጅግ ጨምሯል። «ተሸወድክ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የእህቴን 20 ዓመት በካሬ ስንት ብለው እንዳሰሉት ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም። እሷ አገሯ ገብታለች፣ እናታችን ጋር ናት።

ስለዚህ «ደላላ ሁሉ ሌባ ነው» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። «የእኛ ሥራ መሸጥ ነው፣ ምክሩ የባንኩ ነው» የምትሉ ተማሪዎቼም ተዉ። ባንክ ደሞዝህን ያያል፣ ካርታውን ያያል፣ ዕዳና እገዳ ያጣራል። ለዚያ ደሞዝ እነማን እጃቸውን እንደዘረጉ ግን አያይም። ያን ማየት የሚችለው ሳሎን ድረስ ገብቶ ቡና የጠጣው መሃለኛ ነው። እሱም አላየሁም ካለ ማን ያያል?

ኮሚሽን አትብሉ አላልኩም። እኔም በደሞዝ ነው የምኖረው። ግን ሰውየው ከመፈረሙ በፊት ወርሃዊ ክፍያውን በብር ንገሩት። የባንኩ ግምት ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ስለሚያንስ ልዩነቱን በካሽ እንደሚሞላ ንገሩት። ገቢው ቢቋረጥ ማን እንደሚከፍል ጠይቁት። መልስ ከሌለው «ይቅርብህ» በሉት። ያን ቀን ኮሚሽን ታጣላችሁ። ሰውየው ግን ዘመዱን ሁሉ ይዞላችሁ ይመጣል፤ እኔ ለእኚያ አባት ስንት አስተማሪ ልኬላቸዋለሁ!

ያ የደወልክልኝ ተማሪዬ፣ ይህን ካነበብክ አልተቀየምኩህም። መልሰህ ደውልልኝ። ግን ወለዱን አውቀህ ደውል።