«ምቱ ነው» ብለን አንተወው

ላም ስታልብ ጡቷ ላይ በእርግጫ የተመታች እናት ወይም ቡሬ ላይ ከባጃጅ ወድቃ ደረቷ የተጋጨ ወጣት፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጡቷ ውስጥ ጠጠር ያለ እብጠት ብታገኝ ምን እንላታለን? አንዳንዶቻችን «ያ ምት ነው፤ ይጠፋል» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ካንሰር ነው፤ አለቀላት» ብለን እናስደነግጣታለን። በእኔ አስተያየት ሳይመረመሩ እንዲህ ማለት ሁለቱም ስህተት ነው።

ጡት ሲመታ በውስጡ ያለው ስብ ሊሞትና ቦታው በጠባሳ ሊጠጥር ይችላል። ሐኪሞች «ፋት ኔክሮሲስ» ይሉታል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና እየቀነሰ ይሄዳል።

ችግሩ ካንሰርን መምሰሉ ነው። ይጠጥራል፤ ቆዳን ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ በማሞግራፊም ሊያሳስት ይችላል። በሌላ በኩል፣ ምት ካንሰር ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም። ነገር ግን ሴቲቱ ያመማትን ቦታ ስትዳስስ ቀድሞ የነበረ ዕጢ ልታገኝ ትችላለች። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ሲሆን ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ስለዚህ የምቱ ታሪክ ለሐኪሙ ይነገር እንጂ ምርመራውን አይተካ።

እርግጠኛ የሚያደርገን ሦስት ነገሮች ሲስማሙ ነው፦ የሐኪም ዳሰሳ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራፊ ምስል፣ አጠራጣሪ ከሆነም በመርፌ የሚወሰድ ናሙና። ሦስቱ ካልተስማሙ ተጨማሪ ናሙና ያስፈልጋል። ምርመራውን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል መጀመር ይቻላል፤ ናሙናው እዚያ የማይሠራ ከሆነ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ፈለገ ሕይወት ሪፈር ጠይቁ። እስከዚያው እብጠቱን ማሳሸትም ሆነ መተኮስ አይገባም።

እህቴ ሆይ! ሐያእ አያስቀርሽ። ሴት ሐኪም ካለች ጠይቂ፤ ከሌለች እናትሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ግቢ። ወንድሜ ሆይ! የባለቤትህን የመሳፈሪያና የምርመራ ወጪ «አዝመራው ይግባ» ብለህ አታቆየው። ውጤቱ «ጠባሳ ነው» ቢሆን ያወጣኸው ገንዘብ እፎይታ ገዝቶልሃል፤ ካንሰር ቢሆንም በጊዜ መገኘቱ ለሕክምናው ትልቅ ተስፋ ነው። አላህ ጤናውን ይስጠን።