አርፈው ይተኙ?

«አደይ፣ ሁሉም ነገር አልቋል፤ እንግዲህ ቤትዎ ገብተው አርፈው ይተኙ።» ጉልበታቸውን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላስቀየሩ አንዲት የመቐለ እናት፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተነገራቸው ይኼ ነው። ጠያቂ ጎረቤት ቢለው አልፈው ነበር። ያለው ግን ባለሙያ ነው።

ምኑ ነው ያለቀው? የተበላው አጥንት ተስተካክሎ ብረትና ፕላስቲክ ገብቷል። ብረት በእረፍት አይድንም። የቀረው ሥራ የጡንቻ ነው፤ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ያልተንቀሳቀሰ ጉልበት ውስጡ በጠባሳ ይተሳሰራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታጠፈና ካልተዘረጋ፣ ኋላ ሰውየውን አደንዝዞ በኃይል እስከ ማጠፍ ይደረሳል። ተኝቶ መዋል በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱንም አደጋ ይጨምራል። ታካሚው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ተደግፎ እንዲቆም የሚደረገው ለዚህ ነው።

«ስፌቱ ቢፈታስ?» ይሉኛል። ቁርጭምጭሚትን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ጭንን አጥብቆ መልቀቅ፣ ተረከዝን አልጋው ላይ እየሳቡ ጉልበትን ማጠፍ የትኛውን ስፌት ይፈታል? ይልቅ ልጆቻቸው በፍቅር ከጉልበታቸው ሥር የሚያደርጉት ትራስ ነው እግራቸውን እንደታጠፈ የሚያስቀረው። እሱን አታድርጉ ያላቸው የለም።

ይህ ምክር መቐለ ውስጥ መሰጠቱ ደግሞ ይብሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እግራቸውን ያጡ ስንቶች በዚሁ ከተማ በሰው ሠራሽ እግር ቆመዋል! የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በሚደግፈው የመቐለ የአካል ማገገሚያ ማዕከል እግር ተገጥሞለት «በል ተኛ» የተባለ ሰው አለ? በሁለት ብረቶች መካከል ያቆሙታል፣ ያራምዱታል፣ ሲደክመው አሳርፈው እንደገና ያስነሡታል። ለእግር የምናውቀውን ለጉልበት እንዴት ረሳነው? ቤተሰብ አዋጥቶ፣ ዘመድ ከባሕር ማዶ ልኮ ያሠራው ጉልበት ቅዳሴ ካላስቆመ፣ ደረጃ ካላስወጣ ለምን ተሠራ?

የእኚያን እናት የመሸኛ ወረቀት አይቼዋለሁ። መድኃኒቱ ከነሰዓቱ፣ ስፌት የሚወጣበት ቀን ከነወሩ ተጽፏል። ስለ እንቅስቃሴ አንድ መስመር የለበትም፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም አልተያዘላቸውም። ያ ወረቀት እንደገና ይጻፍ፤ የትኛውን እንቅስቃሴ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ሕመሙ ምን ያህል ሲሆን እንደሚያቆሙ በሚያነቡት ቋንቋ ይስፈር። ማስታገሻቸውንም ከእንቅስቃሴው አስቀድመው እንዲወስዱ ይነገራቸው።