ናሙናው ሌላ፣ ኬሻው ሌላ

እህል በረንዳ የቆመ ጤፍ ገዢ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እጁን ኬሻው ውስጥ ይከታል። ከላይ ያለውን ትቶ ከሥር ይዘግናል፤ ነጩን ከሰርገኛው ይለያል፤ ጠጠር ይፈልጋል። ቅቤ ገዢም አሽትቶና ቀምሶ ነው ኪሱን የሚዳብሰው። ቡና ላኪው ውጭ አገር ላለው ደንበኛ አስቀድሞ ናሙና ይልካል፤ ደንበኛው ቆልቶና ቀምሶ «ይሁን» ሲል ኮንቴይነሩ ይጫናል። ፊልም ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። ገዢው የሚከፍለው ሳያይ ነው፤ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ቢል የሚሰማው የለም።

ስለዚህ በሲኒማ ቤት ደጃፍ የሚለጠፈው ፖስተርም ሆነ በዲቪዲ ሽፋን ላይ የሚታተመው ሥዕል ጌጥ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ናሙና ነው። ገዢው በእጁ ዘግኖ ሊያየው የሚችለው ብቸኛው ነገር እሱ ነውና። በፊልም ሥራ ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ባለሀብቶች ግን ብዙውን ጊዜ ለዚህ ናሙና የሚሰጡት ቦታ የመጨረሻውን ነው። ካሜራው፣ ተዋናዩና የአዳራሹ ኪራይ ሒሳባቸው ከተዘጋ በኋላ በተረፈችው ሣንቲም ፖስተር ይሠራል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚለውን የሚያውቅ ነጋዴ በዚህ ሸቀጥ ላይ ሲደርስ ይረሳዋል።

አንድ ሥዕል ምን ያህል ሊሸጥ እንደሚችል ለማየት «ጆውስ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ማስታወስ ይበቃል። የፒተር ቤንችሊ ልብ ወለድ በስስ ሽፋን ሲታተም ሮጀር ካስቴል የተባለው ሠዓሊ ከላይ የምትዋኝ ሴት፣ ከሥሯ ደግሞ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ የሚመጣ ሻርክ ሣለ። ስቱዲዮው ያንኑ ሥዕል ለፊልሙ ፖስተር ወሰደው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1975 በ409 ሲኒማ ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ገቢው ሁሉ የሥዕሉ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሻርኩ በፊልሙ ውስጥ በግልጽ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ተመልካቹ ያን ሁሉ ጊዜ በትዕግሥት የጠበቀው አውሬው እንደሚመጣ ፖስተሩ ደጃፍ ላይ ቃል ስለገባለት ነው። ቃሉም አልታጠፈም፤ ሻርኩ መጣ።

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰውም ይህን ቋንቋ ያለ አስተማሪ ያነበዋል። አፉን የከፈተና ዓይኑን ያፈጠጠ ተዋናይ ካለ ኮሜዲ ነው። ጀርባ የተሰጣጡ ወንድና ሴት ካሉ ፍቅርና ኩርፊያ ነው። በጥቁር መደብ ላይ ሽጉጥና ግማሽ ፊት ከታየ የወንጀል ታሪክ ነው። አንዳንዶች «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብለው ይነቅፉታል። የንግድ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል፤ ደረጃ እንደ ወጣለት ቡና ማለት ነው። ገዢው ምን እንደሚጠብቀው በአንድ እይታ እንዲያውቅ ያደርጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ናሙናው ከሌላ ኬሻ ሲዘገን ነው። የዲቪዲ ሱቆች በየሠፈሩ በነበሩበት ዘመን በአንድ ዲስክ ላይ አሥርና አሥራ ሁለት ፊልም የታጨቀባቸው ሕገ ወጥ ቅጂዎች ይሸጡ ነበር። በሽፋናቸው ላይ የተዋናዩ ፊት ከአንዱ ፊልም፣ ፍንዳታው ከሌላው ተቆርጦ ይለጠፍ ነበር። ደንበኛው ለጥቂት ጊዜ ተታለለ፤ ከዚያ ነቃ። ሽፋኑን ማየት ትቶ ባለሱቁን «እስቲ ክፈተውና ልየው» ይለው ጀመር። ጤፍ ገዢው እጁን ወደ ኬሻው እንደሚከተው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሽፋኑ ዋጋ ወደቀ፤ የሐቀኛውም ሽፋን ዋጋ አብሮ ወደቀ። በገበያ ውስጥ የሐሰት ናሙና ጉዳቱ ይኸው ነው፤ አታላዩን ብቻ ለይቶ አይመታም።

በትላልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድም ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሶኒ የፊልም ክፍል ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚያሞግሰው ዴቪድ ማኒንግ የተባለ ሐያሲ በምድር ላይ የሌለ፣ የፈጠራ ሰው መሆኑ ተጋለጠ። ኩባንያው በ2005 ከከሳሾች ጋር በ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ለተታለሉ ተመልካቾችም በትኬት 5 ዶላር ሊመለስ ተወሰነ። በ2022 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን «የስተርዴይ» የተባለውን ፊልም በ3 ነጥብ 99 ዶላር ተከራይተው በማስታወቂያው ላይ ያዩአት ተዋናይ ፊልሙ ውስጥ ስላጧት ከሰሱ። ክሱ በኋላ በሌላ ምክንያት ቢዘጋም፣ ዳኛው የፊልም ማስታወቂያ እንደማንኛውም የንግድ ማስታወቂያ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል አረጋግጠዋል። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ዲቪዲው ከገበያ እየወጣ ስለሆነ ነገሩ ያለፈበት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የጀመረውና ያንን አገልግሎት በመስከረም 2023 የዘጋው ኔትፍሊክስ፣ ደንበኞቹ በአንድ ፊልም ላይ የሚያቆዩት ዓይን በአማካይ 1 ነጥብ 8 ሴኮንድ ብቻ መሆኑን በ2016 ገልጿል። ሲመርጡ ከሚያተኩሩበትም 82 በመቶ በላይ የሚሆነው ሥዕሉ ነው። በ2017 ኩባንያው ለያንዳንዱ ደንበኛ እንደ ምርጫው የተለያየ ሥዕል እንደሚያሳይ አስታወቀ፤ ፍቅር ለሚወደው የፍቅረኞቹን፣ ቀልድ ለሚወደው የቀልደኛውን ፊት ማለት ነው። ዓመት ሳይቆይ ግን ቅሬታ መጣ። ጥቁር አሜሪካውያን ተመልካቾች፣ ፊልሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚታዩ ጥቁር ተዋናዮች ዋና ባለታሪክ መስለው በሥዕሉ ላይ እንደቀረቡላቸው ተናገሩ። ኩባንያው ሥዕሉን የሚመርጠው በዘር አይደለም ሲል መለሰ። መሣሪያው ተራቀቀ፤ ጥያቄው ግን የእህል በረንዳው ጥያቄ ነው።

«ሳያጋንኑ ማን ይገባል?» የሚል ፕሮዲዩሰር አይጠፋም። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ዕቃን ማጠብና ማሳመር የንግድ ወግ ነው፤ ዕቃን መለወጥ ግን ሌላ ነው። ፈገግ የሚያሰኘውን ፊልም በሣቅ የሚያፈርስ ማስመሰል ማጋነን ሲሆን፣ ለቅሶውን በኮሜዲ ልብስ መሸጥ ማጭበርበር ነው። የሐሰት ፖስተር የመጀመሪያውን ቀን ትኬት ሊሸጥ ይችላል። የሁለተኛውን ሳምንት ትኬት የሚሸጠው ግን ከአዳራሹ የወጣው ሰው በታክሲና በቡና ቤት የሚያወራው ወሬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ።

እንግዲህ ለፊልም ብር ሊያወጣ የተዘጋጀ ባለሀብት ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ «ይህ ፊልም በአንድ ሥዕል ሲታይ ምንድን ነው?» አዘጋጁ መልስ ከሌለው ገዢውም አይኖረውም። መልስ ካለው ደግሞ ለዚያ ሥዕል የሚሆን ባጀት ከመጀመሪያው ይለይለት፤ ቀረጻው ሲካሄድም ሥራው ፎቶግራፍ ማንሳት ብቻ የሆነ ባለሙያ በቦታው ይኑር። ፊልሙ አልቆ ተዋንያኑ ከተበተኑ በኋላ ከዚህም ከዚያም ተቆራርጦ የሚገጣጠም ፖስተር ርካሽ ይመስላል እንጂ ውድ ነው።

ቡና ላኪው ይህን ያውቃል። ናሙናው ሌላ፣ ኬሻው ሌላ ሆኖበት ዕቃው አንድ ጊዜ የተመለሰበት ነጋዴ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርጡን ቡና ቢይዝም የሚቀምስለት አያገኝም።