ሙሉውን መዝገብ ማን ይየው?

እሁድ ሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ግመሉን እየነዳ ከቆላ የመጣው አፋር፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። ሻጭና ገዢ የሚጠያየቁት ዋጋ ነው።

ቢሮ ስትገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰሞኑን የአንድ አካባቢ ተረጂዎች ዝርዝር በኤክሴል ተሠርቶ በቴሌግራም ግሩፕ ሲዘዋወር አየሁ። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ብሔር ሁሉ አለበት። ላኪው ክፉ ሰው አይደለም። አለቃው የጠየቀው "በየቀበሌው ስንት አባወራ አለ?" ብሎ ነበር። ሲስተሙ ግን ከሙሉ መዝገቡ በቀር የሚሰጠው አልነበረውም። በ2013 ዓ.ም ይህ አካባቢ ያየውን የሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከማን እጅ ሊገባ እንደሚችል አይጠፋውም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የዳታቤዝ ባለሙያዎች "ቪው" ይሉታል። በዋናው ሠንጠረዥ ላይ እንደተከፈተ መስኮት ቁጠሩት። ተራው ቪው የራሱን መረጃ አያከማችም፤ በተጠየቀ ቁጥር ከዋናው እያወጣ የተፈቀደውን ብቻ ያሳያል፤ ለምሳሌ ቀበሌና የአባወራ ብዛት። ጃንጎን በመሳሰሉ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ቪውን እንደ ማንኛውም ሠንጠረዥ ማንበብ ይቻላል። የጤናው ዘርፍ ሪፖርት የሚያሰባስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም ቪው መፍጠሪያ አለው።

"ፕሮግራመሩ ገጹ ላይ ዓምዱን ቢደብቀው አይበቃም?" የሚል ይኖራል። አይበቃም። ገጹ የደበቀውን ኤክስፖርት የሚለው ቁልፍ ሊያወጣው ይችላል። ቪውም ቢሆን የሚጠብቀው፣ ሪፖርቱን የሚያወጣው አካውንት ዋናውን ሠንጠረዥ እንዳያነብ ሲከለከል ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ መስኮት ሠርቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

ሕግ የለም እንዳንል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የብሔር ማንነትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥረዋል። ፋይዳም ሲመዘግብ ብሔር አይጠይቅም። አገር አቀፉ መታወቂያ ያልጠየቀውን የወረዳ ኤክሴል ለምን ይጠይቃል?

ስለዚህ ለወረዳና ለዞን ሲስተም የሚያሠሩ ቢሮዎች አንድ ነገር ውላቸው ውስጥ ያስገቡ፦ የትኛው ባለሙያ የትኛውን ዓምድ እንደሚያይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ቪውም በዚያው ልክ ይሠራ። ወጪው የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። አንዴ የተሰራጨን ዝርዝር ግን ከሰው ስልክ ላይ ማንም አይሰበስበውም።