«እርምጃ ተወሰደ»፤ በማን ፍርድ?

በሲያትል በምንገኝ ስደተኛ ተማሪዎች መካከል ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች ሥር ይዘዋል። አንደኛው «እኛ በሰው አገር እንግዶች ነን፤ የዚህ አገር ፖሊስ ማንን ገደለ የሚለው አይመለከተንም» ይላል። ሁለተኛው «ፖሊስ ያለ ምክንያት አይተኩስም፤ ሟቹ አንድ ነገር ሳያደርግ አይቀርም» ይላል። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም መሣሪያ የያዘን ሰው ያለ ጥያቄ የማመን ልማድ ነው። ይህን ልማድ ከአገር ቤት ይዘነው እንደመጣን ልንሸሽግ አይገባም።

ከእግራችን ሥር እንጀምር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2010 ጆን ቲ. ዊልያምስ የተባለ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወለደ እንጨት ቀራጭ በዚሁ ከተማ መንገድ ሲሻገር በፖሊስ ጥይት ወደቀ። በእጁ የነበሩት ትንሽ የመቅረጫ ቢላና ቁራጭ እንጨት ናቸው። አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ቢላውን እንዲጥል ከታዘዘበት እስከ ተተኮሰበት ድረስ ያለፈው አምስት ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የራሱ መርማሪ ቦርድ እንኳ ተኩሱ አግባብ እንዳልነበረ ወሰነ፤ ተኳሹም ሥራውን ለቀቀ። ዐቃቤ ሕግ ግን ክስ አልመሠረተም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የዋሽንግተን ግዛት ሕግ፣ ፖሊሱ የገደለው በክፋት ተነሣሥቶ መሆኑ ካልተረጋገጠ በወንጀል አይጠየቅም ይል ነበርና። የሰውን ልብ ከፍቶ ክፋቱን የሚመዝን ዳኛ ከየት ይገኛል? ሕጉ በወረቀት ጠያቂ፣ በግብር ግን አስመላጭ ነበር።

ይህ ሕግ የተለወጠው በገዢዎች ቸርነት አይደለም። የሟቾች ቤተሰቦችና ደጋፊዎቻቸው ፊርማ አሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ከመራጩ 60 በመቶ ያህሉ በድምፁ ስለደገፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የኦበርን ከተማ ፖሊስ በ2019 ለፈጸመው ግድያ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው። «አይመለከተንም» ያሉት ወገኖች ልብ ይበሉ፤ ድሉን ያመጡት ጥይቱ ይመለከተናል ያሉት ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሰኔ 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከምርጫው በኋላ የፈሰሰውን ደም እንዲመረምር ራሱ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን፣ በዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ሰብሳቢነት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን አረጋገጠ። ፖሊሶችም ሞተዋል። አባላቱ በስምንት ድምፅ ለሁለት፣ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ውሳኔያቸውን እንዲቀይሩ ግፊት ወረደባቸው፤ ሰብሳቢውና ምክትላቸው ተሰደዱ። በ1999 ዓ.ም. ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ሳይክድ ኃይሉ ከመጠን አላለፈም አለ። እንግዲህ የመጠኑ ልክ ስንት ሬሳ ነው?

ነገር ግን ጣታችንን በገዢዎች ላይ ብቻ ቀስረን የምናልፍ ከሆነ ግማሽ እውነት ተናገርን። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው ሲገደልና በማግሥቱ ወታደሮች በሐዘንተኛ ተማሪዎች ላይ ሲተኩሱ ንቅናቄው በአንድ ድምፅ አወገዘ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ግን ከተራማጆች መካከል ያጨበጨቡ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ «ነፃ እርምጃ» የሚል ስም የወጣለት ግድያ ያጨበጨቡትንም ከየቤታቸው ለቀማቸው። ግድያን «እርምጃ» ብሎ የጠራ አንደበት ገዳዩን ከመጠየቅ አስቀድሞ ነፃ አውጥቶታል።

ታዲያ ፖሊስ መቼም አይተኩስ እንላለን? አንልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በሐቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች፣ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው ሕይወትን ለማትረፍ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላሉ። እኛም ይህንኑ መለኪያ እንይዛለን፤ ሦስት ነገርም እንጨምርበታለን። ትእዛዝ አለመስማት፣ መሸሽ ወይም ድንጋይ መያዝ በራሱ የሞት ፍርድ አያስከትልም። ፖሊሱ ራሱ በፈጠረው ጥድፊያ «ጊዜ አልነበረኝም» ብሎ ሊከላከል አይችልም። መርማሪውም የተኳሹ ባልደረባ ወይም አለቃ መሆን የለበትም።

ከማኅበራችን የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በዚህ ከተማ ለሚወድቀው ሰልፍ እንደምንወጣ ሁሉ፣ በአገር ቤት የምንደግፈው ወገን ሲገድልም እንውጣ። ሟቹ የማን ብሔር፣ የማን ድርጅት እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ መግለጫ የሚያዘገይ ማኅበር ከተኳሹ የሚለየው ጠመንጃ ባለመያዙ ብቻ ነው።

ሟች ወገን አይመረጥለት!