ጥርስ ባዳ ነው

ቢል ኮዝቢን ይወዱ የነበሩ ሰዎች ዛሬም አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፦ «እንዴት ሳናውቅ ቀረን?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ግን ራስን ነጻ ማውጫ ነው። ነገሩ ተደብቆ አልነበረም። ሰሚ አጥቶ ነበር እንጂ።

አንድሪያ ኮንስታንድ «አደንዝዞ ደፈረኝ» ብላ ለፖሊስ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በፍትሐ ብሔር ክሷ ላይ 13 ሴቶች «እኛም ላይ ደርሷል» ሊሉ ተዘጋጅተው ነበር። በ2006 ጉዳዩ በገንዘብ ስምምነት ተዘጋ። አድናቂው መሳቁን ቀጠለ። አሜሪካ የደነገጠችው በ2014 ሀኒባል በረስ የተባለ ሌላ ኮሜዲያን መድረክ ላይ ነገሩን ቀልድ ሲያደርገው ነው። ሴቶቹ እያለቀሱ ሲናገሩ ያልሰማ ጆሮ፣ ወንዱ እየቀለደ ሲናገር ሰማ።

ዋግ ይህን ዓይነት ጆሮ ያውቀዋል። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ የሰቆጣና የአካባቢው ገበሬ ወደ ኮረም በእግሩ የጎረፈው ካሜራ ከመድረሱ በፊት ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ከወራት በፊት ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። ዓለም ያመነው ግን ጥቅምት ላይ ቢቢሲ የኮረምን ምስል ሲያሳይ ነው። የተራበው ሰው ቃል ብቻውን አልበቃም።

ኮዝቢ ደግሞ ቃሉ የሚበቃ ሰው ነበር። «የአሜሪካ አባት» ተብሎ ነበርና። ኮንስታንድ ተፈጸመብኝ ያለችው ጥቃት በ2004 መጀመሪያ ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ዋሽንግተን ላይ ቆሞ ድሃ ጥቁር ወላጆችን «ልጅ አላሳደጋችሁም» ብሎ ገሠጸ። ተጨበጨበለት።

«ፍርድ ቤት ለቆታል» የሚል አለ። ይለይ። በ2018 ጥፋተኛ ተብሎ ከ3 እስከ 10 ዓመት ተፈረደበት። የፔንስልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ፍርዱን የሻረው «አላደረገም» ብሎ አይደለም። የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ «አልከስህም» ብሎት ስለነበር፣ ያንን አምኖ የሰጠው ቃል መልሶ ማስረጃ ሊሆንበት አይገባም ብሎ ነው። በዚያ ቃሉ፣ ሊተኛቸው ለሚፈልጋቸው ሴቶች ሊሰጥ የሚያደነዝዝ ክኒን ማግኘቱን ራሱ አምኗል። በ2022 ደግሞ የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ችሎት፣ በ1975 ገና የ16 ዓመት ልጅ የነበረችን ሴት ማጥቃቱን አረጋግጦ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰነበት። እሱ ዛሬም ይክዳል።

«ግን ያስቀን ነበር» ለሚለው፣ አባቶች ቀድመው መልሰዋል፦ ጥርስ ባዳ ነው። ከማንም ጋር ይስቃል። ሳቅ ምስክር አይሆንም።

ሰቆጣ ላይ ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ልጃገረዶች ለምለሙን ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው በኸምጣኛም በአማርኛም ይዘፍናሉ። ከተማው ቆሞ ይሰማቸዋል። ጥያቄው ከሻደይ በኋላ ነው። ከእነሱ አንዷ መጥታ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ብትል፣ እገሌም ሰርግ የሚያደምቅ፣ ለተፈናቃይ ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ሁሉን የሚያስቅ ሰው ቢሆን፣ ማን ይሰማታል? «ስሙን ልታጠፋ ነው»፣ «ምን ልትሠራ ሄደች?»፣ «በሽምግልና ይለቅ» የሚለው ይበዛል። ሽምግልና ለድንበርና ለከብት ይሁን። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 መነሻው 5 ዓመት፣ ጣሪያው 15 ዓመት እስር ነው፤ ከባድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

የቀድሞ አድናቂ ፎቶ ቢያወርድ፣ ቪዲዮ ቢያጠፋ፣ «ከድቶኛል» ብሎ ቢያዝን ለማንም አይጠቅምም። የተካደው እሱ አይደለም። ዕዳውን የሚከፍለው ቀጣዪቱ ልጅ ስትናገር፣ ታዋቂ ሰው እስኪደግምላት ሳይጠብቅ ከሰማት ብቻ ነው።